ሐኪሙ አልችልም ያለበት ቀን፦ ሥነ ልቦናና መንፈሳዊነት የተገናኙበት አንድ ጉዳይ

ራስን ስለማወቅ ወሬ ሲነሳ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «ሳይኮሎጂስት ጋ ሂድ፣ ልጅነትህን መርምር» ይላል። ሌላው «ጹም፣ ጸልይ፣ ንስሐ ግባ» ይላል። ሁለቱም የሌላውን ቋንቋ ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ አንድ ጉዳይ አለ። መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ሕመምተኛው አሜሪካዊ፣ ሐኪሙ ስዊዘርላንዳዊ፣ ችግሩ ደግሞ መጠጥ ነበር።

የሰውየውን ስም አልጽፍም። በታሪክ መዛግብት ውስጥ ስላለ የፈለገ ያገኘዋል። ነገር ግን ታሪኩ በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ በመጽሐፍ ሲወጣም ስሙ አልተጠቀሰም፤ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ተብሎ ታልፏል። እኔም በዚያው እቀጥላለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው

በ1881 ተወለደ። ቤተሰቡ ሮድ አይላንድ ውስጥ በሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ የከበረ፣ ሀብቱም ስሙም ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ዬል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ተመረቀ። የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ሴናተር ሆኖ አገለገለ፤ በትልልቅ ኩባንያዎች አመራር ውስጥም ነበረበት። ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል። ከውጭ ሲያዩት ምንም አልጎደለውም።

ይህን የምዘረዝረው ለወሬ ማሞቂያ አይደለም። ስለ ሱስ ስናወራ ቶሎ ወደ ድህነት፣ ወደ ሥራ ማጣት፣ ወደ መጥፎ ጓደኛ እንሮጣለን። እዚህ ሰው ላይ ያ ማብራሪያ አይሠራም። ገንዘቡም ትምህርቱም ዘመዱም ነበረው። ያም ሆኖ ይጠጣ ነበር።

ችግሩ

አጠጣጡ የምናውቀው ዓይነት ነው። ያቆማል፣ ይምላል፣ ይጀምራል። ሁዳዴን ሙሉ ጠርሙስ ሳይነካ ከርሞ በፋሲካ ማግስት ቤቱ የሚጠፋበት ሰው የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም፤ የዚህኛው ልዩነት ሐኪም የመቀያየር አቅም ስለነበረው ብቻ ነው። በአሜሪካ ስም ካላቸው የአእምሮ ሐኪሞች ጋር ሞክሯል። አልሆነም። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሄደ፣ ካርል ጉስታቭ ዩንግ ዘንድ።

መቼ ሄደ የሚለው ራሱ አነጋጋሪ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው በ1931 አካባቢ ሄዶ አንድ ዓመት ያህል ታክሟል የሚል ነው። በኋላ የቤተሰቡን ደብዳቤዎችና ሰነዶች ያገላበጡ ተመራማሪዎች ግን ሕክምናው በ1926 እንደነበረና ከጥቂት ወራት እንዳልዘለለ አሳይተዋል። እኔ ሁለተኛውን እቀበላለሁ። ስለዚህ ያኔ በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህ ዕድሜ ለዩንግ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ሐኪሙ

ዩንግ በ1875 የተወለደ የፓስተር ልጅ ነው። የሥነ ልቦና ትንተናን ከመሠረተው ከፍሮይድ ጋር ጥቂት ዓመታት አብረው ከሠሩ በኋላ በ1913 ተለያዩ። ካለያያቸው ነገር አንዱ ሃይማኖት ነው። ለፍሮይድ ሃይማኖት የሰው ልጅ ከልጅነቱ ያልተላቀቀው ምኞት ነበር። ዩንግ ግን ሰው በድብቁ አእምሮው ውስጥ የተረገጠ ፍትወትና የልጅነት ቁስል ብቻ ሳይሆን ወደ ሙሉነት የሚጎትት ኃይልም አለው ብሎ ያምን ነበር።

ቃላቱን በአጭሩ ላስረዳ፣ ኋላ ያስፈልጉናል። ለሰው የምናሳየውን ፊት ጭንብል ይለዋል፦ ሴናተሩ፣ ባለ ፋብሪካው፣ የተከበረው ልጅ። ከራሳችንም የደበቅነውን፣ «እኔ እንዲህ አይደለሁም» የምንለውን ክፍል ደግሞ ጥላ ይለዋል። ሁለቱን አቅፎ የሚይዘውን ትልቁን ማዕከል «ራስ» ይለዋል። ሰው በዕድሜው ሁለተኛ አጋማሽ ዋና ሥራው ጭንብሉን ማወፈር መሆኑ ይቀርና ወደዚህ «ራስ» መጓዝ ይሆናል ባይ ነው። በ1932 ባሳተመው ጽሑፍም ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ከሆኑት ሕመምተኞቹ መካከል በመጨረሻ ሲታይ ችግሩ የሃይማኖታዊ አመለካከት ማጣት ያልሆነበት አንድም ሰው እንዳላገኘ ጽፏል። ተጋኗል የሚል ይኖራል። እኔም ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። ግን ከየት ተነስቶ እንደሚያይ ያሳያል።

ቤቱ ኪውስናክት፣ ዙሪክ ሐይቅ ዳር ነው። ከበሩ በላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ አለ፤ ፍቺው ተጠራም አልተጠራም እግዚአብሔር በዚህ ይገኛል እንደማለት ነው። ለሕክምና የሚመጣ ሰው ሁሉ በዚያ ስር ነው የሚያልፈው። ውስጥ ሲገባ ደግሞ የፍሮይድ ዓይነት መጋደሚያ ሶፋ የለም፤ ዩንግ ሕመምተኞቹን ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር የሚያነጋግረው።

የመጀመሪያው እርምጃ

ሕክምናው የዩንግ ሕክምና ነው፦ ሕልም መፍታት፣ ድብቁን ማውጣት፣ ጭንብልና ጥላን ለይቶ ማየት። በ1939ኙ መጽሐፍ እንደተተረከው ሰውየው ሲጨርስ ተለውጦ ነበር። አካሉ በርትቷል፣ መንፈሱ ረግቷል። ከሁሉ በላይ ስለ አእምሮው ውስጣዊ አሠራርና ስለ ስውር ምንጮቹ ይህን ያህል ካወቀ በኋላ ወደ መጠጥ መመለስ የማይታሰብ መሆኑን እርግጠኛ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሰክሮ ተገኘ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። የሕክምናው ድክመት ዕውቀት አለመስጠቱ አልነበረም። ሰጥቷል፣ ያውም አትረፍርፎ። ሰውየው ለምን እንደሚጠጣ ከማንም በላይ ማብራራት ይችል ነበር። ማብራሪያው ግን እጁን አልያዘለትም። ራሳችንን «ተንትነን» የጨረስን ሁላችን ይህችን ቦታ እናውቃታለን፤ አባታችን እንዲህ ስላደረገን እንዲህ ሆንን ብለን አሳምረን እንናገርና በነጋታው ያንኑ እንደግመዋለን።

አልችልም የተባለበት ቀን

ሰውየው ወደ ዩንግ ተመለሰ፤ እውነቱን ንገረኝ አለው። ነገረው። ሥር የሰደደ ጠጪ አእምሮ ያለህ ሰው ነህ፣ አንተን በመሰለ ሁኔታ ላይ ደርሶ የዳነ አንድም አላየሁም አለው። በሕይወት መቆየት ከፈለገ ወይ ራሱን የሚቆለፍበት ቦታ ማስገባት ወይ ጠባቂ መቅጠር ሊኖርበት ይችላል። ሰውየው የሲኦል በር ጓ ብሎ የተዘጋበት መሰለው ይላል ትረካው።

ከዚያ የጠየቀው ጥያቄ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ማጠፊያ ነው፦ ከዚህ የወጣ የለም ወይ? አለ፣ አለው ዩንግ። አልፎ አልፎ፣ እዚህም እዚያም፣ ብርቱ መንፈሳዊ ገጠመኝ የደረሰባቸው ሰዎች ይድናሉ። ሕይወታቸውን ሲመሩ የነበሩ ሐሳቦችና ስሜቶች በአንድ ጊዜ ተገፍተው ሌላ ነገር ይተካቸዋል። እኔ ይህን ዓይነት ለውጥ በአንተ ላይ ለማምጣት ስሞክር ነበር፤ በሌሎች ላይ ተሳክቶልኝ ያውቃል፣ ባንተ ዓይነቱ ላይ ግን ተሳክቶልኝ አያውቅም።

ሰውየው ትንሽ ተነፈሰ። ደግ፣ እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ አለ። ዩንግ ይህቺንም ዘጋበት፦ እምነትህ መልካም ነው፣ ግን እኔ የምልህ እሱን አይደለም። እምነት መያዝና በገጠመኝ መያዝ ይለያያሉ። የሰጠው ምክር አጭር ነበር፦ መንፈሳዊ ነገር ባለበት ቦታ ራስህን አኑር፣ ከዚያ ተስፋ አድርግ።

ዩንግ ቢፈልግ ኖሮ ሌላ ዙር ሕክምና ሊያስከፍለው ይችል ነበር። ከፋዩ ባለ ፋብሪካ ነው፣ አይጎዳም። ሙያዬ እዚህ ያበቃል ማለት ግን ከብዙ ባለሙያ አፍ አይወጣም፤ ከካህንም ከሐኪምም። ሌላም ልብ ያልኩት ነገር፣ የእኔን ሃይማኖት ያዝ አላለውም። የትኛው ቤተ እምነት እንደሚሻልም አልነገረውም። የእሱ ሥራ ሰውየው የቆመበትን ቦታ በትክክል ማሳየት ነበር፣ አሳየው።

ሁለተኛው እርምጃ

ሰውየው አሜሪካ ተመለሰ። ተራኪዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ተነስተው በአንድ ዝላይ «ከዚያ እግዚአብሔርን አገኘ» ይላሉ። መሃል ላይ ዓመታት አሉ፣ ውድቀትም አለ። በ1933 አካባቢ ከአንድ የቦስተን ምክር ሰጪ ጋር ሠርቷል። ይህ ምክር ሰጪ የሕክምና ዲግሪ የለውም፤ ራሱ የዳነ ጠጪ ነበር። የወጣው በ1906 እዚያው ቦስተን አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥነ ልቦናንና እምነትን አጣምሮ ሰውን ማከም ከጀመረ አማኑኤል ከሚባል እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱን የማዋሐድ ሐሳብ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ያህል ነው ያነሳሁት።

በዚያው ወቅት ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባለው ስብስብ ጋርም ገጠመ። ስብስቡን የመሠረተው ፍራንክ ቡክማን የሚባል አሜሪካዊ የሉተራን ፓስተር ነው። ቢሮም ሕንፃም አያበዙም፤ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ። አራት መለኪያ አላቸው፦ ፍጹም ሐቀኝነት፣ ፍጹም ንጽሕና፣ ፍጹም ራስ ወዳድ አለመሆን፣ ፍጹም ፍቅር። ሰው ጥፋቱን ከስብስቡ ለአንዱ ይናገራል፣ የበደለውን ይክሳል፣ ሌላውን ይረዳል። ጠዋት ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በጸጥታው ውስጥ የመጣለትን ሐሳብ ይጽፋል፣ ኋላ በአራቱ መለኪያ ያየዋል።

ይህቺ የወረቀትና እርሳስ ነገር ደስ ትለኛለች። ዩንግ ሕመምተኞቹ ሕልማቸውን እንዲጽፉ ያደርግ ነበር። እነዚህ ደግሞ የጸሎታቸውን ጸጥታ ይጽፋሉ። ሰውየው ለሁለቱም ብዕር ይዟል ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህኛው ጋ የጻፈውን ይዞ ወጥቶ ያስቀየመውን ሰው በር ማንኳኳት ነበረበት።

ለእኛ ንስሐ እንግዳ አይደለም። ኑዛዜ አለ፣ ቀኖና አለ፣ የንስሐ አባት አለ። አዲስ የሚሆነው ተናዛዡም ሰሚውም ተራ ሰው መሆኑ ነው፤ ያውም ሰሚው የራሱን ጉድ ቀድሞ ይናገራል። ዩንግ ሊያወጣው የሞከረው ጥላ እዚህ በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ወጣ። ሰውየው ከመጠጥ ተላቀቀ።

ሰንሰለቱ

ነሐሴ 1934። ቨርሞንት ውስጥ አንድ ሌላ ጠጪ፣ እሱም የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ በስካር ጥፋት ተከሶ የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ሊገባ ነው። ሰውየውና ሁለት የስብስቡ ጓደኞቹ ደርሰው በኃላፊነት ተረከቡት። ይህ የተረከቡት ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ የድሮ ጓደኛው ትዝ አለው፤ ብሩክሊን የሚኖር፣ በመጠጥ ያለቀ የአክሲዮን ገበያ ሰው። ቢል ዊልሰን ይባላል። ስሙን የምጽፈው በአደባባይ የታወቀ ስለሆነ ነው።

በኅዳር መጨረሻ ሊጠይቀው ሄደ። ቢል ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጂንና የአናናስ ጭማቂ አቅርቦ ተቀምጧል። ለእንግዳው ቀዳ። እንግዳው ብርጭቆውን ገፋ። ቢል ግራ ገባው፤ ይህ ሰው መጠጥ ገፍቶ አያውቅም። ምን ሆነህ ነው ቢለው ሃይማኖት እንደያዘ ነገረው። ቢል ደነገጠ። ትናንት ሰካራም የነበረው ጓደኛዬ ዛሬ ደግሞ የሃይማኖት እብድ ሆነ ብሎ አሰበ። ግን ዓይኑ እያየ ነው፦ ሰውየው አልጠጣም።

በታኅሣሥ ቢል ኒው ዮርክ ውስጥ ሱሰኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል ገባ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። እዚያ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት፣ አምላክ ካለ ይገለጥልኝ ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በነጭ ብርሃን ተሞላ፣ ነፋስ የሚነፍስበት ተራራ ላይ የቆመ መሰለው። ሲበርድለት አበድኩ ብሎ ፈራና ለሐኪሙ ለዶክተር ሲልክወርዝ ነገረው። ሐኪሙ አላፌዘበትም። የሆንከው ነገር ትናንት ከነበርክበት ይሻላል፣ አትልቀቀው ዓይነት መልስ ሰጠው። በዚያ ወቅት የሚሰጠው ሕክምና ራሱ ቅዠት ሊያመጣ የሚችል ዕፅ እንደነበረበት የሚያነሱ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ነበረበት። ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ እስከሞተበት እስከ 1971 ድረስ አልጠጣም፤ የዕፁ ውጤት ደግሞ 36 ዓመት አይቆይም።

ግንቦት 1935 ላይ ለሥራ ኦሃዮ፣ አክሮን ሄዶ ሥራው ከሸፈበት። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ጎን ባር አለ፣ ሌላ ጎን ስልክ። መጠጣቱ እንደማይቀር ሲሰማው የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፍለጋ ደወለ። የተገኘው አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ሰኔ 10 ቀን 1935 ሐኪሙ የመጨረሻ ብርጭቆውን ጠጣ፤ ጠጪዎች እርስ በርስ ተረዳድተው ከመጠጥ የሚላቀቁበት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው ማኅበር ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። በ1939 የማኅበሩ አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች፣ የሰውየው ታሪክ ባለበት በዚያው መጽሐፍ ወጡ።

እርምጃዎቹን ከዚህ ጉዳይ አንጻር ማየት ደስ ይላል። የመጀመሪያው አቅም የለኝም ማለት ነው፤ ዩንግ ለሰውየው የነገረው ያው ነው። አራተኛው ራስን ያለ ፍርሃት መመርመር ነው፣ አምስተኛው ያን ለፈጣሪና ለሌላ ሰው መናገር፣ ዘጠነኛው መካስ፣ አሥራ አንደኛው ጸሎትና ተመስጦ። አምላክንም «እኛ እንደተረዳነው» ብለው ክፍት ተዉት። ሁሉም ከዩንግ መጣ ማለት ግን ስህተት ይሆናል፤ የእርምጃዎቹ አብዛኛው ሥጋ ከኦክስፎርድ ግሩፕ ነው። የዩንግ ድርሻ የመጀመሪያዋ ምት ናት።

ያልሠራው

ይህን ክፍል የሚዘሉት ብዙ ናቸው። እኔ አልዘለውም።

አንደኛ፣ የጉዳዩ ባለቤት ለዘለቄታው አልቆመም። ከ1934 በኋላም መውደቁን የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ከእሱ በተነሳ ሰንሰለት የተመሠረተው ማኅበርም አባል ሆኖ አያውቅም። በ1945 አረፈ። ሁለተኛ፣ ብርጭቆውን የገፋው እንግዳ ለዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ኖሯል። ቢል እስከመጨረሻው «ስፖንሰሬ» (በማኅበሩ ቋንቋ አዲሱን ሰው እጁን ይዞ የሚመራ) እያለ ሲያከብረው፣ እሱ ግን ደጋግሞ ይሰክር ነበር።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። ቢል ራሱ ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ከባድ ድብርት ወደቀበት። አንዳንዴ ከአልጋ መነሳት ያቅተው ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያዳነ፣ ብርሃን ያየ ሰው! ወደ አእምሮ ሐኪም ሄደ። አንዳንድ የማኅበሩ አባላት አጉረመረሙ፤ እርምጃዎቹን በትክክል ስላልሠራ ነው የሚሉም ነበሩ። (ይህቺን ዓረፍተ ነገር እኛም ጋ «ጸሎትህ ጎድሎ ነው» በሚል ትርጉም ሰምቻታለሁ።) በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ የደረሰበትን ጻፈ፦ መጠጡን ቢተውም ከሰዎች ፍቅርን፣ ዋስትናንና ክብርን እንደ ሕፃን መጠበቁን አልተወም ነበር፤ ሳያገኝ ሲቀር ይሰበራል። ብርሃኑ ሳሎኑን አብርቶለት ጓዳው ጨልሞ ቀርቷል። ጓዳውን ለማጽዳት ደግሞ ያው የሥነ ልቦና መጥረጊያ አስፈለገ።

እንግዲህ ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አድርጉ። ባለ ፋብሪካው ጓዳውን ሁሉ አገላብጦ ብርሃን አጣ። ቢል ብርሃን አግኝቶ ጓዳውን ረሳ። ሁለቱም በየራሳቸው አቅጣጫ ግማሽ መንገድ ሄደው ነው የቆሙት።

ወደ እኛ ስናመጣው

ጉዳዩን የያዝኩት ለሦስት ነገር ነው።

አንዱ መቀባበል ነው። ብዙ ሰው «ሥነ ልቦናና መንፈሳዊነትን ማዋሐድ» ሲባል አንድ ሰው ሁለቱንም ሲያደርግ ይታየዋል፤ ሳይኮሎጂስቱ ሲሰብክ፣ ሰባኪው ሲተነትን። እዚህ ጉዳይ ላይ የሠራው ያ አልነበረም። ዩንግ አልሰበከም፣ ኦክስፎርድ ግሩፕ ሕልም አልፈታም። እያንዳንዱ የራሱን ሠርቶ ለቀጣዩ አስረከበ። እኛ አገር ይህ መቀባበል ለምን እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቃል። እንጦጦ ማርያም ፀበል ከሚገቡት መካከል የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ፤ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ፀበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም እስኪሉ ድረስ። የአእምሮ ሕመምና ሱስ ላይ ያለው ጭቅጭቅ ከዚህ ብዙም አይለይም። የንስሐ አባት «ይህስ የሐኪም ነው» ቢል፣ ሐኪሙም «ይህን ለአባትህ ንገር» ቢል ማንም ክብሩ አይነካም። ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ሳይማከር በማንም ምክር እንዳያቋርጥ።

ሁለተኛው፣ ሃይማኖተኛ መሆንና መለወጥ የተለያዩ መሆናቸው። ባለ ፋብሪካው ቤተ ክርስቲያን መሄዱን እንደ መያዣ ሊያቀርብ ሞክሮ ነበር፤ ዩንግ ግን አልተቀበለውም። ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን በጣም የተጠቀመበት ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ያችን ጭንብል ካልተገፈፈ የሰው ቤት ገብቶ ጥፋቱን የሚያወራ አልነበረም።

ሦስተኛው ሰው ነው። ብቻውን የዳነ የለም እዚህ ታሪክ ውስጥ። ቢል አክሮን ሆቴል ውስጥ የፈለገው ፓስተር ወይም ሐኪም አልነበረም፣ ሌላ ጠጪ ነበር። ስደት ላይ ያለ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ ከሥራ ተመልሶ ክፍሉን ሲዘጋ ያለችው ጸጥታ የወረቀትና እርሳሷ ዓይነት ጸጥታ አይደለችም። እኛ ማኅበር አለን፣ ዕድር አለን፣ ጽዋ አለን። እርግጥ ጽዋው ራሱ ጠላ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መጠጥ ለተወ ሰው እዚያ መቀመጥ ፈተና ነው፣ ይህን ማኅበርተኛው ሊያስብበት ይገባል።

ደብዳቤዎቹ

ጥር 23 ቀን 1961 ቢል ለዩንግ ደብዳቤ ጻፈ። እርስዎ አያውቁትም እንጂ ያኔ ለሰውየው የነገሩት ነገር የማኅበራችን የመጀመሪያ መሠረት ነው አለው። ዩንግ በሳምንቱ፣ ጥር 30፣ መለሰ። 85 ዓመቱ ነበር፤ በሰኔ አረፈ።

በመልሱ ያኔ የሚያስበውን ሁሉ ለሰውየው ሊነግረው እንዳልቻለ፣ ቃሉን ሰዎች በየአቅጣጫው ሲያጣምሙበት ስለነበር መጠንቀቅ እንደነበረበት ጻፈ። የሚያስበው ይህ ነበር፦ የመጠጥ ጥማቱ ነፍስ ለሙሉነት ያላት ጥማት ነው፣ በዝቅተኛው ደረጃ። ግርጌው ላይ የዳዊትን መዝሙር ጠቀሰ፤ በእኛ ዳዊት 41ኛው፣ «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለው። ሰው ከላይ ካልተጠበቀና ከሰው ከተነጠለ ክፉውን ኃይል ብቻውን አይቋቋምም አለ። ከዚያ በላቲን ቅኔ ቋጠረ። በላቲን ስፒሪቱስ መንፈስም ነው፣ አልኮልም ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ስፒሪቱስ በስፒሪቱስ ላይ ነው አለ። ሰሙ መጠጥ፣ ወርቁ መንፈስ። አማርኛ ቃሉን አይሰጠንም እንጂ ቅኔውን ለመፍታት አንቸገርም።

ደብዳቤውን የሚጀምረው ግን በሌላ ነገር ነው። ስለ ሰውየው ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም፣ ምን ደረሰበት እያልኩ ብዙ ጊዜ አስብ ነበር ይላል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሐኪሙ ሲያስበው ኖሯል ማለት ነው። ቢል በጻፈለት ደብዳቤ ውስጥ ሰውየው ያን ገጠመኝ አግኝቶ ከመጠጥ ስለመላቀቁ የምታወራ ዓረፍተ ነገር አለች፤ ታሪኩን የሚደግሙ ሰዎች ሲጠቅሷት አንዲት ቃል ይጥላሉ። ቢል አልጣላትም፤ ዩንግም ከመሞቱ አራት ወር ገደማ ቀደም ብሎ አንብቧታል። ቃሏ «ለጊዜው» የምትል ናት።